ተማሪዎቼ ሕጉን በቃላቸው ያውቁታል፣ ዋርድ ላይ ግን መድኃኒት አሰጣጡ አልመጣም፤ እናንተ እንዴት ነው የምታስተምሩት?

ክሊኒካል መምህር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ውስጥ ደረጃ 4 ነርሲንግ አስተምራለሁ። ክፍልም፣ ስኪል ላብም (መለማመጃ ክፍሉም)፣ ዋርድም አብሬያቸው ነኝ። ጥያቄዬ ስለ መድኃኒት አሰጣጥ ነው።

ተማሪዎቼ "ትክክለኛ ታካሚ፣ ትክክለኛ መድኃኒት፣ ትክክለኛ መጠን፣ ትክክለኛ መንገድ፣ ትክክለኛ ሰዓት" የሚለውን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ስድስተኛውን፣ መመዝገቡንም አይረሱም። የሲኦሲ፣ የብቃት ምዘናውን ቼክሊስት ከላይ እስከ ታች ያውቁታል። ማኒኪኑ፣ የመለማመጃ አሻንጉሊቱ ላይ እጃቸው ቆንጆ ነው። ችግሩ ዋርድ ስንገባ ይጀምራል።

በቀደም አንዷን ሲሪንጅ ይዛ ወደ ታካሚ ስትሄድ አስቆምኳት። "ምንድን ነው የያዝሽው?" "ሴፍትሪያክሶን።" "ስንት?" "1 ግራም።" "በምን ተበጠበጠ?" ዝም። "ማን በጠበጠው?" "ሲስተር ናት የሰጠችኝ።" ጎበዝ ከሚባሉት ናት። ቻርቱን አይታለች፣ የታካሚውን ስም ጠይቃለች፣ እጇን ታጥባለች። ግን በእጇ የያዘችው ፈሳሽ ምን እንደሆነ የምታውቀው በወሬ ነው።

የእሷ ብቻ ጥፋት አይደለም። ዋርዱ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ጠዋት አንዷ ነርስ የሁሉንም አንቲባዮቲክ አንድ ትሪ ላይ ታዘጋጃለች፣ ሲሪንጁ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ የአልጋ ቁጥር ይጻፍበታል፣ አንዳንዴ እሱም የለም፣ ከዚያ ተማሪዎቹ ተራ በተራ እየተቀበሉ ይሰጣሉ። እኔ "ራሳችሁ ያላዘጋጃችሁትን አትስጡ" ብዬ አስተምራለሁ፣ ዋርዱ ተቃራኒውን ያስተምራል። የሚያሸንፈው ደግሞ ዋርዱ ነው።

ሌላው ስሌት ነው። ፎርሙላውን ያውቁታል። የታዘዘው፣ ሲካፈል በእጅ ላለው፣ ሲባዛ በፈሳሹ መጠን። መልሱ ለጨቅላ ሕፃን 12 ሚሊ ሊትር ጄንታማይሲን (አንቲባዮቲክ ነው) ቢመጣም አይደነግጡም። ይጽፉትና ያሰምሩበታል።

እና እንዴት ነው የምታደርጉት? ዋርድ ላይ ምን ትጠይቋቸዋላችሁ? ምን ትከለክሏቸዋላችሁ? አንድ ተማሪ ሲሳሳትስ? ሠርቶ ያያችሁትን ንገሩኝ፣ መጽሐፍ ላይ ያለውን አውቀዋለሁ።

ሲስተር የዋርዷ፦

መምህር፣ እኔ አንተ የምታማው ዋርድ ውስጥ ነኝ ሃሃ። የትሪው ነገር እውነት ነው። ለ30 ታካሚ ሁለት ነርስ ሲሆን ሰው አቋራጭ ይፈልጋል። አቋራጩን ለተማሪ ማስተማር ግን ሌላ ነገር ነው፣ እዚያ ላይ ልክ ነህ።

እኛ ጋ የተሻለው ነገር ይሄ ነው፦ ለአንድ ተማሪ አንድ ታካሚ። የዚያን ታካሚ መድኃኒት በሙሉ፣ የሚዋጠውንም የሚወጋውንም፣ ከኦርደሩ ጀምሮ እስከ ፊርማው ድረስ ያው ተማሪ ይይዘዋል። ቻርቱን እሱ ያነባል። ቫያሉን፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ እሱ ያወጣል። እሱ ይበጠብጣል፣ እሱ ይስባል፣ እሱ ይሰጣል፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ታካሚውን ተመልሶ የሚያየው እሱ ነው። የቀሩት ተማሪዎች አይሰጡም። አንዱ ኦርደሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ሌብሉን ያመሳክራል። መጀመሪያ ላይ "እኛስ መቼ ነው የምንወጋው" ብለው ያኮርፋሉ። ያኩርፉ። ዘጠኝ ሆነው አንድ አልጋ ከበው ሁሉም እጁን ከሚያስገባ፣ አንዱ በደንብ ሠርቶ ስምንቱ በደንብ ቢያዩ ይሻላል።

ከጠረጴዛው ሳይነሱ ሲሪንጁ ላይ ይጻፋል። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ በምንና በስንት ሚሊ እንደተበጠበጠ፣ ሰዓቱ፣ የታካሚው ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር። የአልጋ ቁጥር ብቻ እንዳታስጽፉ። አልጋ ይቀያየራል። "መስኮቱ ብርድ አስገባብኝ" ብሎ ሌሊት አልጋ የሚለዋወጥ ታካሚ አለ፣ ለማንም አይናገርም።

ስም ላይ ደግሞ አደራ። "አልማዝ ነሽ?" ብሎ መጠየቅ አይሠራም። የእኛ ሰው፣ በተለይ ከገጠር የመጣ ትልቅ ሰው፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው የጠየቀውን ሁሉ "አዎ ልጄ" ይላል። ሳይሰማም አዎ ይላል። "እማማ፣ ሙሉ ስምዎትን ይንገሩኝ" ብሎ ዝም ማለት ነው። ከዚያ ከካርዱ ጋር ማመሳከር። ራሱን ለማያውቅ ታካሚ ወይም ለሕፃን አስታማሚውን እንጠይቃለን፣ ካርዱንም እናያለን። ስምና የአባት ስም የገጠመባቸው ሁለት ታካሚዎች በአንድ ክፍል ሲተኙ አይተናል፣ እዚያ የሚያድነው የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ነው።

እንክብል ኮመዲኖ ላይ አስቀምጦ መሄድም የለም። ውሃ ቀድቶ፣ ሲውጥ አይቶ ነው የሚፈረመው። ትራስ ሥር የተጠራቀመ መድኃኒት አንሶላ ስንቀይር እናገኛለን፣ ቻርቱ ላይ ግን ሁሉም "ተሰጥቷል" ይላል። ሺፍት ሊያልቅ ሲል ቀድሞ መፈረም የሚባል አመልም አለ፣ ተማሪዎች ከእኛ ነው የሚለምዱት። ያን ስታይ እኔንም ቢሆን ንገረኝ።

የሰዓቱ ጣጣ ደግሞ አለ። ሐኪሙ በፈረንጅ ሰዓት 8:00 ብሎ ይጽፋል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። አንዷ ነርስ የሀበሻ ሰዓት መስሏት ከቀኑ 8 ሰዓት ትሰጣለች። የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው፣ በየስምንት ሰዓቱ ለሚሰጥ መድኃኒት ቀላል አይደለም። ሜዲኬሽን ሺቱ አናት ላይ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ይጻፍ። ተማሪውም ሲያነብ "ስምንት" ብቻ አይበል፣ "ከጠዋቱ ሁለት" ወይም "ከቀኑ ስምንት" ይበል።

ሐበሻ ነርስ ሜሪላንድ፦

ወንድሜ ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። እዚህ አሜሪካ ፕራክቲካል ነርስ የሚባሉትን፣ ኤልፒኤን ተማሪዎችን ዋርድ ላይ አስተምራለሁ። ብዙ የእኛ ልጆች መጀመሪያ በሲኤንኤ፣ በነርስ ረዳትነት ገብተው፣ እየሠሩ ኤልፒኤን ይማራሉ፣ ከዚያ ከፍ ወዳለው የነርስ ደረጃ፣ ወደ አርኤን ይቀጥላሉ። መድኃኒት ማደሉን የሚለማመዱት በብዛት አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። አንድ ነርስ ጋሪ እየገፋ ለሃያ ምናምን ሰው መድኃኒት ያድላል፣ አንዱ ሽማግሌ ብቻቸውን አሥር ዓይነት ሊወስዱ ይችላሉ። የስም አምባሩ እንደ ሆስፒታል ሁልጊዜ እጃቸው ላይ አይገኝም፣ መዝገቡ ላይ ያለውን ፎቶ ነው የምናመሳክረው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው በየትኛውም ስም ብትጠራቸው "አቤት" ይላሉ። ስለዚህ ሲስተር ያለችው የስም ነገር እዚህም ያው ነው።

እኔ የማደርገው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ እያወሩ ነው የሚሠሩት። ተማሪዋ መድኃኒቱን ከመሳቢያ ስታወጣ ሌብሉን ጮክ ብላ ታነባለች፣ ስታዘጋጅ ታነባለች፣ ታካሚው ጋ ልትሰጥ ስትል ታነባለች። ሦስት ጊዜ። በልቧ ካነበበች እኔ ምን እንዳነበበች አላውቅም። ዓይን የጠበቀውን ነው የሚያነበው፣ አፍ ሲናገር ግን ስህተቱ ለጆሮ ይሰማል። መጀመሪያ ያፍራሉ፣ በኋላ ይለምዱታል።

ሁለተኛ፣ ካቋረጧት ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ስልክ ጮኸ፣ ሐኪም ጠራት፣ አስታማሚ ጠየቃት፣ የትም ደርሳ ቢሆን ወደ መጀመሪያው ሌብል። እኔ ራሴ ሆን ብዬ መሃል ላይ ገብቼ ወሬ አወራታለሁ። "ይቅርታ፣ ስጨርስ እመልስልዎታለሁ" ካለችኝ አለፈች።

ሦስተኛ፣ ከመስጠቷ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ፦ "ይሄን ዛሬ እንዳትሰጪ የሚያደርግሽ ምንድን ነው?" አምስቱ ትክክለኛ ይሄን አይጠይቁም። ትክክለኛው ሰው፣ ትክክለኛው ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት ነው)፣ ትክክለኛው ሰዓት፣ ሁሉም ልክ ሆኖ የልብ ምቱ 48 ከሆነስ? ለዲጎክሲን የልብ ምቱን ደረት ላይ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትቆጥራለች፣ ለአዋቂ ከ60 በታች ከሆነ አትሰጥም፣ ትደውላለች። ለግፊትና ለልብ ለሚሰጠው ለሜቶፕሮሎል ግፊትና ምት ታያለች። ለኢንሱሊን ስኳሩን ታያለች፣ ምሳው መጥቶ እንደሆነም ታያለች። ምክንያቱን ያላወቀችው መድኃኒት ከእጇ አይወጣም። አላውቀውም ካለችኝ አልቆጣም፣ መጽሐፉን ገልጣ አንብባ ትመለሳለች፣ ሰዓቱ ቢያልፍም ይለፍ።

የዲግሪም የዲፕሎማም ተማሪ፦

መምህር፣ እንደ ተማሪ ልናገር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ያቺ ያስቆሟት ልጅ "በምን ተበጠበጠ" ብላ ሲስተሯን ያልጠየቀችው ስላላወቀች አይመስለኝም። ፈርታ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ጠይቄ "አላመንሽኝም ማለት ነው?" ተብያለሁ፣ በአስታማሚ ፊት። ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? "ቶሎ ቶሎ በሉ፣ ራውንድ (የሐኪሞች ጉብኝት) ሊጀመር ነው" እየተባለ፣ ግምገማችንን የምትሞላው ራሷ ሆና። ቼክሊስቱ ላይ "ነርሷን ስለ መድኃኒቱ ጠየቀ" የሚል ነጥብ የለም። "በልበ ሙሉነት ሠራ" የሚል ግን አለ።

ስለዚህ ዕውቀት ብቻ አይስጡን፣ የምንናገረውንም ይስጡን። ክፍል ውስጥ ቃል በቃል ቢያለማምዱን። ምን ብለን ነው ሲስተሯን ሳናስቀይም እምቢ የምንለው?

ክሊኒካል መምህር፦

ልጄ፣ ይቅርታ የሚያስፈልገው ነገር አልተናገርሽም። እውነትሽን ነው፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ስኪል ላብ ላይ አንዱን ተማሪ ቁጡ ሲስተር አድርጌ እናለማምደዋለን።

እንዲህ በሉ፦ "ሲስተር፣ መምህራችን ያላዘጋጃችሁትን ከሰጣችሁ ከዋርድ አስወጣችኋለሁ ብሎናል፣ እባክሽ አብሬሽ ላዘጋጅ?" ጥፋቱን እኔ ላይ ጣሉት። እኔ ብቀየም ማንም አይጎዳም።

ሲስተር የዋርዷ፦

ሃሃ ጥሩ ነው። እኔ ለምሳሌ እንደዚያ ቢሉኝ አልቀየምም። ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አይበሉኝ፣ ቀደም ብለው ይምጡ። ተማሪ ከራውንድ ጋር አብሮ ከገባ ዝግጅቱን አያየውም፣ ያለቀ ሲሪንጅ ነው የሚያገኘው። ለዚህ ደግሞ ፕሮግራም የሚያወጣው ኮሌጁ ነው መምህር።

ፋርማሲስቱ፦

የነርሶች ወሬ መሃል ልግባ። መምህር የጠቀሰው 12 ሚሊ ጄንታማይሲን ቀልድ አይደለም፣ እስቲ በእሱ ላይ ቆየት እንበል።

3 ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ አለ እንበል፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ታዘዘለት፣ 15 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ጄንታማይሲን አምፑል ሁለት ዓይነት አለ፦ 80 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ እና 20 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ። ሁለቱም 2 ሚሊ ናቸው፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። ከ20ው ከሆነ 1.5 ሚሊ ነው የምትስበው። ከ80ው ከሆነ 0.38 ሚሊ ገደማ ነው። ትናንት በ20ው 1.5 ሚሊ የሳበች ተማሪ ዛሬ ፋርማሲው 80ውን ቢልክና "እንደ ትናንቱ" ብላ ብትስብ ሕፃኑ 60 ሚሊ ግራም ወሰደ። አራት እጥፍ። ጄንታማይሲን ደግሞ ኩላሊትና ጆሮ ነው የሚጎዳው፣ ወዲያው አይታይም፣ ስለዚህ ማንም ሳያውቀው ያልፋል። "እንደ ትናንቱ" የምትለዋን ቃል ከዋርድ አስወጧት።

ስሌት ከማስተማራችሁ በፊት ግምት አስተምሩ። ካልኩሌተር ከመንካቱ በፊት ተማሪው አፉን ይክፈት፦ ከአንድ አምፑል ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ግማሽ ይሆናል ወይስ ሩብ? ከዚያ ያሰላ። ስሌቱ ከግምቱ በጣም ከራቀ ይቁም። ከሦስት ቫያል በላይ እየከፈትክ ለአንድ ሰው አንድ ዶዝ የምታዘጋጅ ከሆነም ቁም፣ ምናልባት ልክ ነህ፣ ግን ሌላ ሰው ይቁጠርልህ።

ዜሮ ላይ ጨካኝ ሁኑ። 1.0 ተብሎ ከተጻፈ ነጥቡ ጠፍቶ 10 ይሆናል። .5 ከሆነ 5 ይሆናል። ስለዚህ 1 እና 0.5። ኢንሱሊን ላይ "ዩኒት" የሚለው በፊደል ይጻፍ። በእንግሊዝኛዋ ዩ ፊደል ብቻ ሲጻፍ በችኮላ ዜሮ ትመስልና 10 የነበረው 100 ይሆናል። እኛ ጋ ያለው ኢንሱሊን በአብዛኛው በ1 ሚሊ ውስጥ 100 ዩኒት ነው፣ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊ። ለዚያ ነው በተራ 2 ሚሊ ወይም 5 ሚሊ ሲሪንጅ የማይሳበው። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ጠፍቶ ከሆነ መፈለግ እንጂ መገመት የለም።

ሴፍትሪያክሶን ላይ ደግሞ መምህር "በምን ተበጠበጠ" ብሎ መጠየቁ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል። በስቴራይል ዋተር፣ ከጀርም በጸዳ የመርፌ ውሃ ከሆነ በደም ሥር ይሄዳል። በማደንዘዣው በሊዶኬይን ከሆነ ጡንቻ ላይ ብቻ ነው፣ በደም ሥር ከሄደ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል። ሲሪንጁ ውስጥ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፣ ዓይታችሁ አትለዩትም። ሪንገር ላክቴት የሚባለው ግሉኮስ መሰል የደም ሥር ፈሳሽ ደግሞ ካልሲየም ስላለው ጭራሽ አይበጠበጥበትም፣ በአንድ መስመር አብሮም አይሰጥም። በጨቅላ ሕፃን ላይ ይሄ ሕይወት ያጠፋ ነገር ነው፣ ካልሲየም ያለበት ግሉኮስ እየወሰደ ያለ ጨቅላ ሴፍትሪያክሶን አይወስድም።

አንድ ወጪ የሌለው ነገር ልጨምር። ባዶ ቫያልና ካርቶን ሰብስቡ። እኛ አገር ያው መድኃኒት ዛሬ ከአንዱ ፋብሪካ፣ በሚቀጥለው ወር ከሌላው ይመጣል፣ ታካሚው ከውጭ ፋርማሲ ገዝቶ ያመጣውም አለ። ቀለሙ፣ ክዳኑ፣ ጽሑፉ ይለያያል። ተማሪ በክዳን ቀለም መለየት ከለመደ አለቀለት። ጠረጴዛ ላይ ደባልቃችሁ ዘርግፉትና "ፖታሲየም ክሎራይድ ፈልጉ" በሏቸው። 10 ሚሊዋ ፖታሲየም ከስቴራይል ዋተር ጎን ስትቀመጥ ምን ያህል እንደምትመሳሰል ያዩታል። እሷን ሳይቀጥኑ በቀጥታ በደም ሥር መግፋት ልብ ያቆማል። እኔን ብትጠይቁኝ የተማሪ እጅ የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ መቀመጥ የለባትም፣ የዋርድ መደርደሪያ ላይም ባትቀመጥ እመርጣለሁ።

አዋላጅ ነኝ፦

ማዋለጃ ክፍል ስላልተነሳ ነው። በእርግዝና ግፊት ለሚመጣ መንቀጥቀጥ ለእናትየው የሚሰጠውን ማግኒዥየም ሰልፌት ተማሪ ብቻውን እንዳይነካ። 50 በመቶው ነው ያለን፣ በ10 ሚሊ ውስጥ 5 ግራም። መነሻው 4 ግራም በደም ሥር ነው፣ እሱም ወደ 20 በመቶ ቀጥኖ። 8 ሚሊ ማግኒዥየም እና 12 ሚሊ ስቴራይል ዋተር፣ ቢያንስ በ5 ደቂቃ ቀስ ተብሎ። ያው መድኃኒት ጡንቻ ላይ ሲሰጥ ግን ሳይቀጥን ነው፣ 5 ግራም በዚህ ቂጥ 5 ግራም በዚያኛው። ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፣ የቱ ይቀጠናል የቱ አይቀጠንም።

ከእያንዳንዱ ተከታይ ዶዝ በፊት ሦስት ነገር፦ ትንፋሿ በደቂቃ 16 እና ከዚያ በላይ፣ የጉልበት ሪፍሌክሷ አለ፣ ሽንቷ በሰዓት 30 ሚሊና ከዚያ በላይ። አንዱ ከጎደለ መርፌው ይቆማል። ማርከሻው፣ ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም እዚያው ትሪ ላይ ካልተቀመጠ እኔ አልጀምርም። የሜሪላንዱ ወንድማችን "እንዳትሰጪ የሚያደርግሽ ምንድን ነው" ያለው ጥያቄ ማግኒዥየም ላይ መልሱ የተዘጋጀ ነው፣ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

እና ቫይታሚን ኬ እና ኤርጎሜትሪን አንድ ትሪ ላይ አታስቀምጡ። ቫይታሚን ኬ የሕፃኑ ነው፣ ኤርጎሜትሪን የእናትየው፣ ከወሊድ በኋላ ለሚፈስ ደም። ተለዋውጦ ሕፃን ላይ የተወጋበት ጊዜ በተለያዩ አገሮች ተመዝግቧል።

ክሊኒካል መምህር፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ሦስተኛው ጥያቄዬ ግን አልተመለሰም። ሲሳሳቱስ? የእኛ ጋ አሠራር ተማሪውን ከአታችመንት፣ ከሆስፒታል ልምምዱ ማባረር ነው፣ አንዳንዴም ሴሚስተር ማስደገም። በዚህ ምክንያት ማንም አይናገርም። አይናገርም ማለት ደግሞ አይሳሳትም ማለት አይደለም።

ሐበሻ ነርስ ሜሪላንድ፦

እዚህ በሰፊው የተወራ ጉዳይ አለ፣ ተማሪዎቼን የማስተምርበት ነው። ቴነሲ ግዛት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ አንዲት ነርስ ለምርመራ የተጨነቀችን የ75 ዓመት ታካሚ የሚያረጋጋ መድኃኒት፣ ቨርሰድ የሚባለውን፣ ልትሰጥ ነበር። ከአውቶማቲክ ካቢኔው ላይ የስሙን ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት ጻፈች፣ ማሽኑ ቬኩሮኒየም ሰጣት። ቬኩሮኒየም ጡንቻን ሽባ የሚያደርግ፣ ትንፋሽ የሚያቆም ነው። ታካሚዋ ሞተች። ነርሷ የሆነውን ራሷ ተናግራለች፣ አልደበቀችም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላት፣ ሦስት ዓመት በአመክሮ ፈረደባት።

እዚህ ውስጥ ለተማሪ ስንት ነገር አለ። ቨርሰድ ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ቬኩሮኒየም ዱቄት ነው። መበጥበጥ ስትጀምር እጇ ነገር እየነገራት ነበር። ክዳኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። አጠገቧ ደግሞ የምታለማምደው አዲስ ሠራተኛ ነበረ፣ ከእሱ ጋር እያወራች ነበር። መምህር፣ ይሄን ልብ በልልኝ። ለነርሷ ሐሳቧን የሚበትነው አንዳንዴ የእኛው ተማሪ ነው፣ አንዳንዴም እኛው።

ሌላውን ደግሞ የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ጭምር ተናግሮታል፣ ስህተቱን የተናገረ ሰው ወንጀለኛ ከሆነ ሌላው ዝም ይላል የሚል ስጋት። እኔም እንደዚያ ነው የማምነው። ስለዚህ የእኔ ሕግ፦ የነገረኝን ተማሪ በስህተቱ አላባርረውም። መጀመሪያ ታካሚውን እናያለን፣ ሐኪም እንጠራለን፣ ከዚያ እንመዘግባለን፣ ከዚያ ቁጭ ብለን ከየት እንደተጀመረ እንፈልጋለን። የደበቀውን ግን አልምረውም። ተሰጥቷል ብሎ ያልሰጠውን የፈረመውንም እንደዚያው።

ሲስተር የዋርዷ፦

እዚህ ላይ ትንሽ አልስማማም ወንድም። ተማሪው ፈቃድ የለውም፣ ፈቃዱ የእኔ ነው። ዋርዱ ላይ የደረሰ ነገር የሚጠየቀው በእኔ ስም ነው። አንተ "አላባርርም" ስትል ቤተሰቡ ፊት የምቆመው እኔ ነኝ፣ የተማሪው መምህር በዚያ ሰዓት ሌላ ዋርድ ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪ በደም ሥር የሚገፋ መድኃኒት የሚሰጠው እኔ ወይም መምህሩ እጁ አጠገብ ቆመን ብቻ ነው። "ሂድና ስጥ" የሚባል የለም። ሰው ከሌለ መድኃኒቱን እኔ እሰጣለሁ፣ እሱ ያያል። ቅጣቱን ተወው፣ መከልከሉ ይቅደም።

ግን የደበቀ ምሕረት የለውም ያልከው ላይ አንድ ነን።

ሐበሻ ነርስ ሜሪላንድ፦

ተቀብያለሁ ሲስተር። እኔ ከአምስት ስድስት ተማሪ ጋር ስለምሠራ ቀለል ብሎኝ ነው። አንድ መምህር ሦስት ዋርድ ላይ የተበተነ ተማሪ ይዞ ከሆነ አንቺ ነሽ ልክ።

የዲግሪም የዲፕሎማም ተማሪ፦

አንድ ትንሽ ጥያቄ ለፋርማሲስቱ። በአፍንጫ ቱቦ ለሚመገብ ታካሚ ሁሉንም እንክብል አብረን ፈጭተን በአንድ ሲሪንጅ ነው የምንሰጠው። የጨጓራውን ኦሜፕራዞልም ጭምር። ልክ ነው?

ፋርማሲስቱ፦

አይደለም። ኦሜፕራዞል ካፕሱል ውስጥ ያሉት ትንንሽ ፍሬዎች የተለበጡት የሆድ አሲድ እንዳያጠፋቸው ነው፣ ከፈጫችሁት ሽፋኑ ተገፈፈ፣ መድኃኒቱ ሳይሠራ ይቀራል። ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተሠራ ኒፈዲፒን (የግፊት መድኃኒት) ከተፈጨ ደግሞ የቀኑ ሙሉ በአንዴ ይለቀቃል፣ ግፊት አጓጉል ይወርዳል። የእንክብሉ ስም ጫፍ ላይ "ኤስአር"፣ "ኤክስአር"፣ "ሪታርድ" የሚል ካያችሁ አትፍጩ።

የሚፈጨውም ቢሆን አንድ ላይ አይደባለቅም። አንዱን ፈጭታችሁ በውሃ በጥብጣችሁ ስጡ፣ ቱቦውን በውሃ እጠቡ፣ ከዚያ ሌላው። ካልሆነ ቱቦው ይደፈንና እንደገና መትከል ይመጣል። ሽሮፕ ያለው ካለ ሽሮፑን ጠይቁን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሽሮፑ እኛ ጋ ይኖራል፣ ማንም ስለማይጠይቅ ነው መደርደሪያ ላይ ጊዜው የሚያልፍበት።